ቀራጺና ቀራጭ

በአማርኛ አፍ «ጸ» እና «ጠ» ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ቤት ሲያድር የሚቆጣ የለም። ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት፣ ፀሐይ ጠሐይ ይባላል። እንጨት የሚቀርጸውም ሰው በአፋችን ይቀርጣል፤ ሙያተኛውም ቀራጭ ነው። ኬላ ላይ ቆሞ ከነጋዴ ቀረጥ የሚቀበለውም ቀራጭ ነው። ልጅ ሳለሁ ብቸና ላይ የማቴዎስ መጠራት በወንጌል ሲነበብ፣ ሐዋርያው ጉልበቱ ላይ ወይራ አጋድሞ፣ በስለት እየፈለፈለ፣ ፍቅፋቂው እግሩ ሥር እየረገፈ ይታየኝ ነበር። ግብር ሰብሳቢ መሆኑን የነገሩኝ የኔታ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ሁለቱን ሰዎች ለያይቼ ማሰብ አልሆነልኝም። በጎጃም የብቸናንና የሞጣን የገበሬ አመፅ ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር፣ ግብር ሰብሳቢው ቀራጭ ሲመጣ እንጨት ቀራጩ የት ነበር እያልሁ እጠይቃለሁ።

፨

ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ሁለት ሙያተኞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከሸበል በረንታ በእግሩ የመጣ ገበሬ አጠገቡ ቁጢጥ ይልና ነገሩን ከአያቱ ዘመን ይጀምራል፤ ድንበሩ፣ ዋርካው፣ የሞቱት ምስክሮች፣ የተካካዱት የአጎት ልጆች ሁሉ ይነሣሉ። ጸሐፊው አያቋርጠውም። ሲጨርስ ግን «እሺ አባቴ» ይልና «ጉዳዩ» ከምትለው ቃል ሥር በስድስት መስመር ይጨርሰዋል። ገበሬው ሲነበብለት አንገቱን ይነቀንቃል። የተነበበለት ነገር የእርሱ መሆኑን አምኖ ሳይሆን፣ እንደዚያ ካልተጻፈ የሚሰማው እንደሌለ አውቆ ነው።

ሌላው ማኅተም ቀራጭ ነው። ዕቃው ምላጭ፣ ስስ ቢላዋ፣ የላስቲክ ቁራጭና ከእንጨት የተጠረበ እጀታ ነው። የሚቆርጠው ፊደሉን ገልብጦ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ «‹በ› አታስቸግርም፤ ከፊትም ከኋላም ያው ናት። የሚያሳስቱኝ ‹ነ› እና ‹ፈ› ናቸው» አለኝ። ቀና ሳይል ነው የሚያወራው። የቀበሌው፣ የዕድሩ፣ የማኅበሩ ሥልጣን ሁሉ ከጣቱ ሥር በግልብጡ ይወጣል። ማመልከቻው ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም፤ ማኅተሙን የሠራው ሰው ግን በአገሩ ጉዳይ ተጠይቆ አያውቅም።

፨

ስለ እንግሊዛዊው እንጨት ቀራጭ ስለ ዊልያም ጄምስ ሊንተን ያነበብሁት ይህን ማኅተም ቀራጭ እያሰብሁ ነው። ሊንተን እ.ኤ.አ. በ1812 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ በ1828 ቦነር ከሚባል የእንጨት ቀራጭ ዘንድ ለሙያ ገባ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ በጋዜጣ አይታተምም። አንባቢ የሚያየው ሥዕል ሁሉ አስቀድሞ በእንጨት ላይ በእጅ መቀረጽ ነበረበት።

የሥራውን ዝርዝር ስለ ወደድሁት ጊዜ ወሰድሁበት። እንጨቱ ቦክስውድ የሚባል ቀስ ብሎ የሚያድግ ጠጣር ዛፍ ነው፤ ከእኛ ዛፎች ወይራ የሚቀርበው ይመስለኛል። ከቶማስ ቢዊክ ወዲህ ቀራጮቹ የሚሠሩት በቁመቱ በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ አይደለም። ግንዱ በአግድም ይቆረጥና ቀለበቱ የሚታይበት ራሱ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። አሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ ከሥር ይደረጋል፤ ስለቱ በቦታው ቆሞ እንጨቱ ነው የሚዞረው። ማታ ሲሠራ ውኃ የተሞላ የብርጭቆ ሉል ከፋኖሱ ፊት ይቆምና ብርሃኑን ሰብስቦ በአንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። የተቆረጠው ነጭ ሆኖ ይታተማል፤ ጥቁር የሚወጣው ሳይነካ የቀረው ነው። ስለዚህ ቀራጩ የሚያስበው የሚስለውን ጥቁር ሳይሆን የሚያስገባውን ብርሃን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842 «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ሲመሠረት ሊንተን ከመጀመሪያዎቹ ቀራጮቹ አንዱ ነበር። ሰፊ ሥዕል በአስቸኳይ ሲፈለግ ከብዙ ቁራጭ የተገጠመው ጠፍጣፋ እንጨት ይፈታና ለየቀራጩ ይታደላል። አንዱ ሰማይ ይደርሰዋል፣ ሌላው የፈረስ እግር፣ ሌላው የሕዝብ ጭንቅላት። ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው ጠዋት ይገጥሙታል። ምናልባት ቀራጩ የሕዝቡን ሰልፍ ግማሽ ቀርጾ፣ ሰልፉ ስለ ምን እንደ ነበር ጋዜጣው ሲወጣ ብቻ ይረዳል። ሊንተን ግማሹን ቀርጾ ዝም ማለት ያልሆነለት ሰው ነው። የሚቀርጸው ሕዝብ ምን እንደሚል ለማወቅ ፈልጎ ከሕዝቡ ጋር ቆመ።

፨

የእንግሊዝ መንግሥት በዕውቀት ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1815 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጋዜጣ ላይ 4 ፔንስ የቴምብር ግብር ይከፈል ነበር። ሠራተኛው ጋዜጣ ገዝቶ እንዳያነብ የታሰበ ዋጋ ነው። ሄተሪንግተን የሚባል አታሚ ያለ ቴምብር የድኾች ጋዜጣ እያተመ ሸጠ፤ ተደጋግሞም ታሰረ። ሊንተን ያደገው በእነዚህ ሰዎች መካከል ነው። በ1839 «ዘ ናሽናል» የሚል የሕዝብ ንባብ መጽሔት ማውጣት ጀመረ፤ ዓላማው መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ከመጽሐፍ እንዲቃመስ ነበር።

ቀረጥ በጋዜጣ ላይ ሲጣል ቀራጺው ከተቀረጠው ወገን ሆኖ ተገኘ። በዚህ ነጥብ ላይ ነው የሊንተን ሕይወት የእኔን ጥያቄ የነካው።

፨

የእንግሊዝ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1838 «ቻርተር» ያሉትን ስድስት ጥያቄ ያዘለ ሰነድ አወጡ። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ እንዲመርጥ፣ ድምፁ በምሥጢር እንዲሰጥ፣ ለመመረጥ ንብረት መያዝ ግዴታ እንዳይሆን፣ የምክር ቤት አባል ደመወዝ እንዲከፈለው፣ የምርጫ ክልሎች እኩል እንዲሆኑ፣ ምርጫውም በየዓመቱ እንዲደረግ ጠየቁ። በ1839 ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ፣ በ1842 ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያረፈበት አቤቱታ ለምክር ቤቱ ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ሳይቀበለው ቀረ። ከስድስቱ ጥያቄ አምስቱ ከጊዜ በኋላ ሕግ ሆነዋል።

ከአንድ አገር የተነሡ ሦስት ሚሊዮን ሰዎች ሲጮኹ ያልሰማ መንግሥት፣ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ደብዳቤ እንዴት ይሰማል? ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጣ። የመቅደላ ጦርነት ከዚያ ዝምታ ወጣ።

፨

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ዊልያም ሲምፕሰን የሚባል የ«ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ሠዓሊ ተከትሎ መጣ። የሣለው ወደ ለንደን ተልኮ በእንጨት ላይ ተገልብጦ ተቀረጸ። ሊንተን በዚያ ጊዜ አሜሪካ ተሻግሮ ስለ ነበር ሥራው የሌሎች ቀራጮች ነው። ተራራው፣ በሩ፣ ምርኮኞቹ፣ የወደቀው ንጉሥ ለአንባቢ ደረሱ። እነዚያ ሥዕሎች የአሸናፊው ዓይን ናቸው። ሆኖም ዛሬ መቅደላን በዓይነ ሕሊናዬ ሳስብ የሚመጣልኝ ከእነርሱ የተቀዳ ነገር ነው፤ ሳልወድ ነው የምለው።

ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የብቸናና የሞጣ ገበሬ ተነሣ። ከዚያ ዓመት ያየሁት አንድም ሥዕል የለም።

፨

የሆነውን ልጻፍ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ሐሳቡ ቀና ይመስላል፤ ግብሩ በመሬቱ ላይ ሳይሆን ገበሬው በሚያገኘው ምርት ላይ ይጣላል ነው የሚለው። ግን ምርቱን የሚያውቅ መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ ገማቾች ወጡ። በየማሳው እየዞሩ ይህን ያህል ጤፍ፣ ይህን ያህል ስንዴ ይወጣዋል ይላሉ። ብቸና ያለችበት እነማይ ጤፍ አብቃይ አገር ነው፤ ገበሬው ምርቱን የሚናገረው እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጥር ማንሣት ነውር ነው። አጎቴ ያን ጊዜ እረኛ ነበር። «ሰውየው አውድማ ሳይደርስ ጤፉን በዓይኑ ሰፈረው» ይል ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣው ይህ ነበር። ግብሩ መብዛቱን ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ሥር ግን የቆየ ፍርሃት ነበር። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ዘር ይቆጠራል። ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው መዝገቡ። ገመድ ተዘርግቶ መሬቱ ከተለካ፣ በስም ከተጻፈ፣ ያ ሁሉ የዘር ቆጠራ ከንቱ ይሆናል። ሌላው አገር ላይ ቃላድ የሚባለው የመሬት መለኪያ ገመድ ከወደቀ በኋላ ገበሬው ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱንም ሰምተዋል። ከጠላት መውጣት በኋላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መሬት ለመለካት በተሞከረ ጊዜ ጎጃም አሻፈረኝ ብሏል። በ1960ም ገማቹን ሲያዩት በጉያው ገመድ የያዘ መሰላቸው።

በጠቅላይ ግዛቱ ላይ የነበሩት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ሰዉ በእርሳቸው አስተዳደር ላይ ብዙ ቅሬታ ነበረው። በመጀመሪያ የተደረገው ግን ተኩስ አልነበረም። ሽማግሌ ተመረጠ፤ አቤቱታ ተያዘ፤ ወደ አዲስ አበባ ተሄደ። ንጉሡ ዘንድ ቢደርሱ ይሰማሉ ብለው አምነዋል። ያ ሲያልቅ ነው ጠመንጃው ከተሰቀለበት የወረደው። ጎጃም ያኔ 7 አውራጃ ነበረው፤ የአመፁ እምብርት ብቸናና ሞጣ ሆኑ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም በቀዬው ላይ አንዣበበ፤ ቦምብም ወደቀ። አጎቴ ስለ አውሮፕላኑ ሲያወራ ከብቶቹን ነው የሚያነሣ፤ እንዴት እንደ በረገጉ፣ ሦስት ቀን ፈልገው እንዴት እንዳገኟቸው። ስለ ሰው አያወራም። ጠይቄው ነበር። «ተወው» አለኝ።

በ1960 ክረምት እንደራሴው ተነሡ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን መጡ። ቀጥሎም ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ። የእርሻ ገቢ ግብሩ በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል። ያሸነፈ ሕዝብ ግን አንድ ሥዕል እንኳ አላገኘም። በአርበኛው በበላይ ዘለቀ ስም ዘፈን አለ፣ ሥዕል አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። በላይ አንድ ሰው ነው፤ ፊት አለው፤ ጎፈሬው ይታወቃል። በ1960 አቤቱታ ይዘው ዓባይን ወርደው የወጡት ሽማግሎች ብዙ ስለ ሆኑ ፊት የላቸውም። ብዙውን ሕዝብ በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት የቀራጺ ሥራ ነበር።

፨

በእንግሊዝ ቀራጺው ከአቤት ባዩ ጋር ቆመ። በእኛ አገር ማን ከማን ጋር ቆመ?

የተማረው ሰው ብዙ ጊዜ ከለኪው ጋር ነበር። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሥራ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ፤ እርሳቸው ግብር በሕግ የተወሰነ፣ የታወቀና ገበሬውን ከዘፈቀደ ዝርፊያ የሚያድን እንዲሆን የፈለጉ ሰው ናቸው። ሐሳባቸውን ዛሬም ሳነብ ልባቸው የት እንደ ነበረ ይገባኛል፤ ለአራሹ ነበር። የሞጣው አራሽ ግን መለካትን የሚያውቀው በሚነጥቀው ሰው በኩል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ፣ ጎጃሜው ባለ ርስት መሬቱን ራሱ ያርስ ነበር። ስለ እርሱ የተነገረ ቃል መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ በመካከላቸው የሚተረጉም ጠፋ።

፨

ይህን ለመጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ካልጻፍሁት የቀረው ሁሉ ይዋሻል።

የ1960ውን ገበሬ ሳከብር ርስት ያልነበረውን ጎረቤቱን አልረሳም። ማረሻውን የቀጠቀጠለት ቀጥቃጭ፣ እንስራውን የሠራች ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን ያለፋው ፋቂ፣ ጋቢውን የሸመነለት ሙስሊም ሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። እጃቸው የሚሠራውን አገሩ ይፈልገዋል፤ እነርሱን ግን «ቡዳ» ይላል፤ ልጁን ከልጃቸው አያጋባም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ቀጠለ። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ከሰማሁት ነው የምናገረው።

ሊንተን በእጁ የሚሠራ ሰው ሆኖ ሳለ በአገሩ ጉዳይ መናገር አላፈረም። በዙሪያውም ማተሚያ አንቀሳቃሾች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። በሞጣና በብቸና በእጁ የሚሠራው ከጉባኤው ውጭ ነው የቆመው፤ የመሬቱ ነገር የእርሱ ነገር አልነበረም። ለ1960ው አቤቱታ ሥዕል ያጣንለት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀራጺውን አርቀን ስናበቃ፣ ማን ይቀርጽልናል?

፨

እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን የሚኖረው ጣሊያናዊው ስደተኛ ማዚኒ ደብዳቤዎቹ በመንግሥት እየተከፈቱ መሆኑን ጠረጠረ። ሊንተን ከረዱት ወዳጆቹ አንዱ ነበር። በፖስታው ውስጥ የፖፒ ዘር፣ የአሸዋ ቅንጣት፣ የፀጉር ዘለላ ከተው ላኩ፤ ደብዳቤው ሲደርስ ያስቀመጡት የለም። በዚህ ማስረጃ ጉዳዩ ምክር ቤት ደረሰ፤ አገር ተናወጠ።

ይህን ሳነብ የዲማ የቅኔ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ። ከብቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔው የታወቀ ነው። ደብዳቤን ማንም ቀድዶ ያነበዋል፤ ሰምና ወርቅ ያለውን ቃል ግን የሹም ሰላይ ቢሰማውም ሰሙን ብቻ ይዞ ይመለሳል። የእኛ ሰው ለተቃውሞ የነበረው የቅርጽ ጥበብ ይህ ነበር፤ ግን ለሰሚ እንጂ ለተመልካች አልነበረም፤ በአንድ ጉባኤ ተነግሮ የሚያልፍ ነው።

፨

ዲማን ካነሣሁ ሐዲስ ዓለማየሁን አልዘልም። እርሳቸው በዲማም ተምረዋል። ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከአመፁ ሁለት ዓመት በፊት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በዲማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ፤ አበጀ በለው ይመራቸዋል። ሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያለቅሳል፤ እኔ መጽሐፉን ስደግም እግሬ የሚቆምብኝ በገበሬዎቹ ላይ ነው። እንደ ትንቢት አልቆጥረውም። ሐዲስ የሚያውቁትን አገር ጻፉ፤ አገሩ ሲጽፉት የነበረውን ነገር አደረገ። ቀራጺ ለማጣታችን መጽናኛ ካለ እርሳቸው ናቸው።

በእርሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ግን ጠላቱ ፊታውራሪ ነው፤ በፈረስ የሚመጣ ሰው። በ1960 የመጣው ወረቀት የያዘ ገማች ነው። ለወረቀት የሚሆን አበጀ በለው እንዴት እንደሚሣል ገና አላየሁም።

፨

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። የጎንደር ነገሥታት ዘመን የድንጋይ ሥራ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው በገመድ ተስቦ ነበር። ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ታስሮ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ለስንት ዓመት! ስለዚያ ስንት ማመልከቻ እንደ ተጻፈ መገመት አያቅትም።

እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በ«ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት ላይ ያን ገመድ ከጎታቾቹ ጋር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየ። በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ድልድዩን ጠገነ፤ በዚያ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅትም በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሠራ። የእርሱን ቅንነት አመሰግናለሁ። ለመጽሔቱ አንድ ገጽ የነበረው ለሞጣ ድልድይ ሆነ።

ያ ፎቶግራፍ እዚያው ሞጣ ባለ ሰው ተነሥቶ፣ እዚሁ አገር ታትሞ፣ እዚሁ ያለ ሰው አይቶት ተነሥቶ ቢሆንስ? ገመዱን ሁልጊዜ እናይ ነበር። ዓይናችን የለመደውን ነገር እንደ አዲስ የሚያሳየን ሰው ነው ያጣነው።

፨

ሊንተን «የእንግሊዝ ሪፐብሊክ» የሚል መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1855 አሳተመ። ብራንትዉድ የሚባል ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ገዝቶ ማተሚያውን እዚያው ተከለ። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይቀርጻል፣ ራሱ ያትማል። ገዢ አነሰ፤ ዕዳ በዛ። ቤቱን በመጨረሻ በ1871 ለጆን ረስኪን በ1,500 ፓውንድ ሸጠው። እንግሊዝ ሪፐብሊክ አልሆነችም። ሽንፈቱን ሳነብ ልቤ አዘነ፤ ግን አሳፋሪ ሽንፈት አይመስለኝም።

በሽምግልናው አሜሪካ ሆኖ የእንጨት ቅርጽ ታሪክ ጻፈ፤ ታላቁ መጽሐፉ በ1889 ወጣ። ያን ጊዜ ሙያው እየሞተ ነበር። ፎቶግራፉ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ያርፋል፤ ከቀራጩ የሚጠበቀው መስመሩን ሳያጎድል መከተል ብቻ ነው። ሊንተን ይህን በብርቱ ተቃወመ፤ ቀራጩ የሌላውን ጥላ ገልባጭ ሳይሆን አሳቢ መሆን አለበት ብሎ እስከ ሞቱ ተከራከረ። በ1897 ሞተ። ማሽኑ ቀደመው።

የእኛም ቁም ጸሐፊዎች እንዲሁ ናቸው። በመርጡለ ማርያም፣ በደብረ ወርቅ፣ በዲማ አካባቢ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ማተሚያ ቤት ሲመጣ ሙያቸው ጠበበ። ማተሚያው ባይመጣ ማለቴ አይደለም፤ መጽሐፍ የበዛው በእርሱ ነው። መርጡለ ማርያም ላይ እቴጌ ዕሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ድንጋዮች ግን ቅርጻቸው ዛሬም ይታያል። ጣቴን አሳርፌበት አውቃለሁ፤ አበባው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ጠርዙ አልጠፋም። ያ እጅ ከየት መጥቶ የት ሄደ?

፨

በእንጨት ቀርጾ ማተም በአገራችን የለም ለማለት አይደለም። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ሐንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን ሙያ አስተማረ። በዚያ ትውልድ የወጣው ዘሪሁን የትምጌታ በእንጨት ቅርጽ ሥራው የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች እንጨት መቅረጽ በተማሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቸናና ሞጣ ላይ ገበሬው ይመክር ነበር። በመካከላቸው የዓባይ በረሃ አለ። አውቶቡስ ደጀን ለመድረስ ያን በረሃ ወርዶ ይወጣዋል፤ ወሬው ግን ሳይሻገር ቀረ።

፨

ባለፈው ብቸና ስሄድ ከአጎቴ ግቢ የወደቀ ወይራ ነበር። በመጋዝ አግድም አስቆርጬ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚያክል ቁራጭ በድንጋይና በአሸዋ አለሰለስሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይዤው ወደ ማኅተም ቀራጩ ሄድሁ።

«ይህ ላስቲክ አይደለም» አለኝ እየዳበሰ።

«ወይራ ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፍበት?»

ጽሑፍ አለመሆኑን ነገርሁት። አጎቴ የነገረኝን አንዲት ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ሽማግሌዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሊነሡ ሲሉ በዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ከመካከላቸው ማንበብ የሚችለው አንዱ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲያነብላቸው። አጎቴ ከብቶቹን ይዞ ከሩቅ ያየው ይህን ነው። ስንት ነበሩ ብዬ ስጠይቀው «ዋርካው ጥላ እስኪያጣ» ነበር ያለኝ።

ቀራጩ ቢላዋውን አስቀምጦ እንጨቱን ወደ ብርሃን አነሣው። ቀለበቶቹን ቆጠረ።

«ገልብጬ ነው አይደል የምቆርጠው? እንደ ፊደሉ?»

«አዎ፤ ገልብጠህ።»

«እንግዲያ ወረቀቱን የያዘው ግራኝ ይሆናል። ሲታተም ወደ ቀኝ ይመለሳል» አለ። ከዚያ ምላጩን ትቶ ከኪሱ ሌላ ስለት አወጣ፤ ከሚስማር የተሳለ ነው። የመጀመሪያውን መስመር በዋርካው ግንድ በኩል ጀመረ። ወይራው ጠጣር ስለ ሆነ ስለቱ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

«ለገበያ ቀን ተመለስ» አለኝ። «ሰዎቹ ብዙ ናቸው።»